ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ለሚዘዋወሩ ተማሪዎች የሚሰጥ ስኮላርሺፕ፦ ተመርቆ የወጣ ሰው ሪቪው

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች ታገኙታላችሁ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፣ ምወቅሳቸው ነገሮች ስላሉ ነገር ማብዛት አልፈልግም፣ አሜሪካ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው በቃ።

ፕሮግራሙ ምንድነው ለምትሉ፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት አመት ተምራችሁ ወደ አራት አመቱ ስትዘዋወሩ ከትምህርት ክፍያው ትልቁን ሚሸፍን፣ አንድ ቋሚ አማካሪ ሚመድብላችሁ፣ እንደናንተ ከተዘዋወሩ ልጆች ጋር ደሞ በአንድ ቡድን ሚያስገባችሁ ነው። እኔ ያመለከትኩት ለብሩ ነው፣ ሌላውን ስብሰባ ምናምን ብለው ሲያወሩ ጭራሽ አልሰማኋቸውም። አሁን ግን ጨርሼ ወጥቼ ሳየው ከብሩ ይልቅ አማካሪዋ ነች የጠቀመችኝ ብል ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

ለምን መሰላችሁ፣ ትራንስፈር ላይ ሰው ሚከስረው ክሬዲት ላይ ነው፣ ማለትም ካለፍከው ኮርስ ለዲግሪህ በሚቆጠርልህ ነጥብ ላይ። ጋኦ ሚባለው የኮንግረስ ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት በፈረንጆች 2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 የተዘዋወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን አጥተዋል ይላል። ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው! ከፍለህ የተማርከውን፣ ፈተና ወስደህ ያለፍከውን እንደገና ከፍለህ ተማር ማለት ነው። እሱም ብቻ አይደለም፣ ክሬዲቱን "ተቀብለናል" ይሉህና ስታየው ለሜጀርህ (ለዋናው የትምህርት መስክህ) ማይቆጠር ኤሌክቲቭ፣ የምርጫ ኮርስ አድርገው አስገብተውታል፣ ወረቀት ላይ አለ ለዲግሪህ ግን ምንም አይፈይድም።

እኔም የደረሰብኝ ይሄ ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ ነው የተማርኩት፣ ዳታ ስትራክቸርና ዲስክሪት ማት ሚባሉትን የሜጀሩን ኮርሶች ጨርሼ ነበር የሄድኩት፣ ሁለቱም ኤሌክቲቭ ሆነው መጡ። አማካሪዋ ጋ ስገባ አላዘነችልኝም አላባበለችኝም፣ "ሲለበስህን አምጣ" ብቻ ነው ያለችኝ፣ ሳምንት በሳምንት ምን እንደተማርን ሚያሳየውን፣ የመጽሐፉን ስምና እትም ያለበትን። ከዛ የነሱን ኮርስ ሲለበስ ስክሪኑ ግማሽ ላይ ከፈተች፣ የኔን ግማሹ ላይ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ እያመሳከረች ቢጫ ቀባችው። ከነሱ ሲለበስ ያልተቀባው የግራፍ አልጎሪዝም ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር፣ እሱንም የኮሌጁ የመጨረሻ ፕሮጀክቴ ውስጥ ስለነበረ ፕሮጀክቱን አያይዘን ለዲፓርትመንቱ ሃላፊ ላክነው። ሁለቱም ተቆጠሩልኝ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ነው የተረፈልኝ፣ የአንድ ሴሚስተር ክፍያና የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ ሚያውቅ ያውቀዋል። ፕሮግራሙ ውስጥ ያልነበሩ ጓደኞቼ ይሄን መጠየቅ እንደሚቻል እንኳን ማንም አልነገራቸውም እኮ።

ሁለተኛው ደሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። ብዙ ቦታ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ጂፒኤ አብሮህ አይሄድም፣ ከዜሮ ነው ምትጀምረው፣ ስለዚህ ኮሌጅ 3.9 የነበረ ልጅ እዛ ሄዶ በመጀመሪያው ሚድተርም ሲወድቅ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሚያስጥለው ትራስ የለውም። ትራንስፈር ሾክ ይሉታል፣ ከ1965 ጀምሮ ሲጠና የኖረ ነገር ነው። የኛ ፕሮግራም እዚህ ጋ ብልህ ነው፣ ስኮላርሺፑን ለማቆየት 3.0 ይጠይቃል ግን የመጀመሪያውን ሴሚስተር አይቆጥርብህም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ከቡድናችን ስንት ልጅ እንዳተረፈች ግን እኔ ነኝ ማውቀው።

የተማሪዎቹ ውጤት እንዴት ነው ለምትሉ፣ የኛ ቡድን ያሳፍራል አይባልም። አንዷ በማታ ነርሲንግ ሆም እየሰራች የምትማር የሶስት ልጆች እናት ነበረች፣ ክፍል ውስጥ ሁሌ ፊት ለፊት ነው ምትቀመጠው፣ ከኋላ ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል ትል ነበር፣ ባዮሎጂ በከፍተኛ ማዕረግ ጨርሳ አሁን የፋርማሲ ትምህርት ላይ ነች። አንዱ ሃይስኩል አቋርጦ ጂኢዲ (የሃይስኩል ዲፕሎማን ሚተካ ፈተና) የወሰደ ልጅ ነው፣ ሂሳብ ላይ ፒኤችዲ ገብቷል። ሪሰርች ላይ ግን ሁላችንም ተቸግረናል፣ ምክንያቱም ፍሬሽማን ሆኖ የገባው ላብ (የፕሮፌሰር የምርምር ላብራቶሪ) ውስጥ ቦታ ሚፈልግበት አራት አመት አለው፣ አንተ ሁለት ነው ያለህ፣ ፕሮፌሰሩ ስምህን ሳይለምድ ትመረቃለህ። ፕሮግራሙ ገና ሳትገባ በጋ ላይ ከላብ ጋር ሚያገናኝበት መንገድ አለው፣ የተጠቀሙበት ሁሉ ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ነው የወጡት።

ደሞ ይሄ የኛ ቡድን እድል ብቻ አይደለም። ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ሚባለው በ2000 የተመሰረተ ድርጅት አለ፣ በትራንስፈር ስኮላርሺፕ አሜሪካ ውስጥ ትልቁ ስም እሱ ነው፣ በአመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል። እነሱ በ2019 ያወጡት ጥናት ላይ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ምርጥ ዩኒቨርሲቲዎች የተዘዋወሩ ተማሪዎች ከሃይስኩል በቀጥታ ከገቡት እኩል ወይ በተሻለ ይመረቃሉ። ይሄን ለወላጆቻችን አንብቡላቸው በናታችሁ፣ ሰርግ ላይ "ልጅሽ የት ገባች?" ሲባሉ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ማለት አፍረው "ትማራለች" ብቻ ብለው ወሬ ሚቀይሩ እናቶች አሉን እኮ። ለኩክ ከፍ ያለ ጂፒኤ ያለው ሰው ይሞክር፣ ግን ከመላው አገር ሚወስዱት በጣም ጥቂት ናቸው፣ ሌላ ሳትይዙ እሱን ብቻ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ቀነስኳት ኮከብ። ፕሮግራሙ የተማሪዎችን ስኬት ብሎ ሚለጥፈው ፖስተር ላይ ሁሌ ትልቅ ስም ያለው ቦታ ማስተርስ የገቡት ናቸው ያሉት። ያቺ በማታ ምትሰራው እናት የለችም። እኔ ብሆን ስንቱ ክሬዲቱ ሳይቃጠል በሁለት አመት ጨረሰ፣ ስንቱ ያለ ሎን (የትምህርት ብድር) ወጣ ሚለውን ነበር ምለጥፈው፣ አዲስ ሚያመለክት ሰው ማወቅ ያለበት እሱን ነው። ግዴታ ሚባለው ሴሚናር ደሞ በስራ ቀን ከሰአት ነው፣ ሰርቶ ሚያድር ሰው እንዳለ ማንም ያሰበበት አይመስልም፣ ሶስቴ ከቀረህ ማስጠንቀቂያ ይልኩልሃል። ኮርስ ምዝገባም ላይ ትራንስፈሮች መጨረሻ ነው ሚከፈትልን፣ ስንደርስ ሚያስፈልገን ክፍል ሞልቷል፣ ስኮላርሺፑ ደሞ አራት ሴሚስተር ብቻ ስለሆነ አንድ ኮርስ ካመለጠህ አምስተኛውን ከኪስህ ነህ።

በጣም ያናደደኝ ግን ይሄኛው ነው፦ ሌላ ቦታ ተወዳድሬ ትንሽ ስኮላርሺፕ ሳገኝ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ያንኑ ያህል ከግራንቴ (ከማይመለሰው እርዳታ) ላይ ቆረጠ። ኤሴይ ጽፌ አሸንፌ እጄ ላይ አንድ ዶላር አልጨመረም። ሜሪላንድ በ2017 የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎቿ ይሄን እንዳያደርጉ በህግ ከልክላለች፣ ከስቴቶች የመጀመሪያዋ ነች፣ እኔ የነበርኩበት ግን እንደዛ አይነት ህግ አልነበረም። አማካሪዋ ተከራክራልኝ ቅነሳው ከግራንቱ ወደ ሎኑ ዞረልኝ፣ እሱም የሆነ ነገር ነው።

ለማን ይሆናል? ፉል ታይም መማር ለሚችል፣ ሜጀሩን ለወሰነ ሰው አይኔን ጨፍኜ ግቡ እላለሁ። ፓርት ታይም ለሚማር አይሆንም፣ 12 ክሬዲት ግዴታ ነው። ሜጀር ለመቀየር ምታስቡ ደሞ መጀመሪያ ቀይራችሁ ከዛ ተዘዋወሩ። ኮሌጅ እያላችሁ ፋይ ቴታ ካፓ ግቡ፣ የሁለት አመት ኮሌጅ የክብር ማህበር ነው፣ ለአባላቱ ብቻ ትራንስፈር ስኮላርሺፕ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። የሁሉንም ኮርስ ሲለበስ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ኮሌጁ በኋላ ስትጠይቁት አላገኘውም ሊላችሁ ይችላል። እሺ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ደሞ ሶስት ነገር በኢሜይል ጠይቁ፣ በስልክ አይሆንም፦ የትኞቹ ክሬዲቶቼ ለሜጀሬ ይቆጠራሉ፣ አምስተኛ ሴሚስተር ቢያስፈልገኝ ማን ይከፍላል፣ ከውጭ ስኮላርሺፕ ባገኝ ከምኑ ላይ ትቀንሳላችሁ።