መብራት ሲመለስ የማይነሣ ፓምፕ፦ ከ11 ወራት አገልግሎት በኋላ

በአኳሪየሜ (የመስታወት የዓሣ ገንዳዬ) ውስጥ ሆኖ ውኃውን ወደ ማጣሪያው የሚያወጣውን ይህን ትንሽ የውኃ ውስጥ ፓምፕ ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ገዝቼው እስከ ሚያዝያ ድረስ ስለ እርሱ አንድ ቃል ለመጻፍ አላሰብሁም ነበር። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሌት ተቀን ሲሠራ ስምንት ወር አለፈው፤ የሚወራለት ነገር አልነበረውም። እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ያገኘሁት ነገር ነው።

ዓርብ ማታ ለዘመድ ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄጄ እሑድ ልደታ ኮንዶሚኒየም ወደሚገኘው ቤቴ ተመለስሁ። ፍሪጁ ይሠራል፣ የማከፋፈያው ቀይ መብራትም በርቷል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ደኅና መስሎኝ ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ግን አንድ የጎደለ ድምፅ እንዳለ ጆሮዬ ነገረኝ፤ ከላይኛው የማጣሪያ ሣጥን ወደ አኳሪየሙ ሲወርድ የምሰማው ውኃ ጸጥ ብሏል። ቀረብ ብዬ ሳይ ሁለቱ ጎልድፊሾች አፋቸውን ውኃው ገጽ ላይ አድርገው አየር ይጎነጫሉ፤ ሦስተኛውና ትልቁ፣ ልጄ «ብርቱካን» ብላ የሰየመችው፣ በጎኑ ተኝቶ ጥግ ላይ ቀርቷል። ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ሳስጠጋ ፓምፑ እንደ ንብ ቀፎ እዝ ይላል፤ ውኃ ግን አያነሣም። ሶኬቱን ነቅዬ ሳወጣው ሞቋል። ጎረቤቴን ብጠይቃት ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፍቶ ሌሊት እንደ ተመለሰ ነገረችኝ። መብራቱ ሲመለስ ፍሪጁ ተነሥቷል፤ ፓምፑ ግን አልተነሣም።

በባሕር ዳርቻ ከተማ ብኖር ኖሮ ምናልባት ዓሣው ይተርፍልኝ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በእኛ ከተማ ቢበዛ 7 ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ኦክስጅን እንዲገባበት የውኃው ገጽ ያለማቋረጥ መንቀሳቀሱ እዚህ የውበት ጉዳይ አይደለም። በዚያ ላይ ፓምፑ ሲቆም በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩትና የዓሣውን ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም አየር ያጥራቸዋል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋዜጣ ዘርግቼ ፓምፑን ፈታሁት። የዚህ ዓይነቱ ፓምፕ አሠራር በጣም ቀላል ነው፤ ውኃ እንዳያስገባ የታሸገ ጥቅል ሽቦ፣ መሐሉ ላይ አንድ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ በቀጭን የሴራሚክ ዘንግ ላይ የሚዞር ጣት የሚያክል ማግኔት፣ በማግኔቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ውኃውን የሚገፋው ፋን። ከዚህ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። በእኛ 50 ኸርዝ መብራት ማግኔቱ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞራል፤ አንዴ ዙሩን ከያዘ በቀላሉ አይቆምም። የሚቸገረው ሲነሣ ነው። ኤሌክትሪኩ አቅጣጫውን በየቅጽበቱ ስለሚለዋውጥ ማግኔቱ መጀመሪያ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ከውዝዋዜዎቹ አንዱ አቅም ሲያገኝ ወደ አንድ ወገን ይዞርና ይቀጥላል። ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ፋኑን ከማግኔቱ ጋር አጥብቀው አያያይዙትም፤ ማግኔቱ የውኃው ክብደት ሳያርፍበት እንዲንደረደር ግማሽ ዙር ያህል በባዶ የሚላወስበት ቦታ ይተዉለታል።

የእኔን ማግኔት በአንድ እጄ ይዤ ፋኑን በሌላው ለማላወስ ብሞክር ንቅንቅ አላለም። ሁለቱ እንደ አንድ አካል ሆነዋል። ክፍተቱን ቡናማ ዝልግልግ ነገርና እንደ ጨው የሻከረ ነጭ ቅርፊት ሞልቶታል። ስለዚህ በመብራት ላይ ሳለ ምንም ሳይታወቅበት ሲሠራ የከረመው ፓምፕ፣ አንድ ጊዜ ሲቆም ከነሙሉ ሸክሙ መነሣት አቅቶት እዝ እያለ ሲሞቅ አድሯል። መብራት በሚመለስበት ቅጽበት የሰፈሩ ፍሪጅና ምድጃ አንድ ላይ ስለሚነሣ ኃይሉ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ያ ደግሞ ጭራሽ አቅሙን ይነሣዋል። ግማሽ አቼቶና ግማሽ ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፌ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስፈገፍገው ክፍተቱ ተከፈተ፤ ፋኑም ቀጭ ቀጭ እያለ ግማሽ ዙር መላወስ ጀመረ። ጉድጓዱን በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አጸዳሁ። ውኃ ውስጥ መልሼ ስሰካው ወዲያው ተነሣ።

በማግስቱ ወደ ገዛሁበት የመርካቶ ሱቅ ሄድሁ። ሲሸጥልኝ «ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው፤ ሐሳብ አይግባዎት» ያለኝ ልጅ፣ አሁን ደግሞ «ጋሼ፣ ፓምፑ እኮ ደኅና ነው፤ ያስቸገረው መብራቱ ነው» አለኝ። የሱቁን ሥራ ላለማወክ ዝም ብዬ ወጣሁ፤ መልሱን ግን እስካሁን በልቤ እየመላለስሁት ነው። ልጄ፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ነው የሸጥህልኝ፤ እዚህ ለሚሸጥ ፓምፕ መብራት ሲመለስ መነሣት ዋናው ሥራው ነው። «ስላልጸዳ ነው» እንደምትለኝም አውቃለሁ፤ እውነት ነው፣ ፋኑን ፈትቼ አጽድቼው አላውቅም ነበር። ግን አብሮት የመጣው ወረቀት ስፖንጁን እጠቡ ከማለት አልፎ ስለ ፋኑ የሚለው አንዳች ነገር የለም፤ ክዳኑም በሁለት ትንንሽ ብሎኖች የታሰረ ነው፤ ብሎኖቹ ዝገው ስፈታቸው የአንዱ ጭንቅላት ተላጠ፤ አሁን ክዳኑን የያዘው የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። በየወሩ መፈታት ያለበትን ነገር በሚዝግ ብሎን የሚያስር ሰው፣ ገዢው እንዳይፈታው የፈለገ ይመስለኛል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው በሰዓት 800 ሊትርም ሲታይ ያስደስታል እንጂ የሚገኘው ውኃ ከእርሱ ያነሰ ነው። ቁጥሩ ፓምፑ ውኃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚገፋው ነው፤ «ከፍታ 1 ሜትር» የሚለው ደግሞ አንድ ሜትር ላይ ሲደርስ ፍሰቱ የሚያበቃበት ነው። ማጣሪያዬ ከውኃው ገጽ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ በሁለት ሊትር ጆግ ለካሁት፤ በ14 ሰከንድ ሞላ፤ ይህም በሰዓት 500 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ለ100 ሊትር አኳሪየም በቂ ስለሆነ በዚህ አልከስሰውም። መብራትም ቢሆን 15 ዋት፣ በወር 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ አይከብድም።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ሳጸዳው ለስድስት ሳምንታት ያህል መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ያለ ችግር ተነሣ፤ እኔም ይቅር ልለው ደርሼ ነበር። ሰኔ ላይ ግን ቤት እያለሁ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ያው እዝታ ተሰማኝ። ካጸዳሁት ገና አምስት ቀኑ ነበር። ማከፋፈያውን አጥፍቼ ሳበራው በሦስተኛው ተነሣ፤ ቤት ባልኖር ማን ሦስት ጊዜ ሊያበራለት ኖሯል? በዚያው ቀን ከአኳሪየሙ አወጣሁት።

አዲሱን ፓምፕ የገዛሁት ከሌላ ሱቅ ነው። ባለሱቁን ባልዲ ውኃ ለምኜ ፓምፑን ውኃው ውስጥ አስቀምጬ አሥር ጊዜ ሰክቼ አሥር ጊዜ ነቀልሁት፤ በየመካከሉም ማግኔቱ ሙሉ በሙሉ እንዲቆም አምስት ሰከንድ ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ያወጣልኝ በስድስተኛው ላይ ስላመነታ መለስሁት፤ ሁለተኛው አሥሩንም ተነሣ። ክዳኑ ያለ ብሎን በእጅ ይከፈታል፤ ፋኑም ለብቻው ይሸጣል። ከጎኑ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ራሱን የሚያስነሣ ትንሽ የአየር ፓምፕ አስቀምጫለሁ፤ ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ።

አሮጌውን አልጣልሁትም፤ ገንዘቤን የከፈልሁበት ነው። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ በረንዳ ላይ ባለው በርሜል ሞልቼ ክሎሪኑ እስኪወጣ አሳድርና ወደ አኳሪየሙ የማሻግረው በእርሱ ነው። በርሜሉ ሙሉ ሲሆን ደኅና ይገፋል፤ ውኃው እየጎደለ ከፍታው ወደ ሜትሩ ሲጠጋ ፍሰቱ ይቀጥንና ከታች ሩብ ያህሉን ሳይጨርስ ይቆማል፤ የቀረውን በጆግ እቀዳለሁ። በሰካሁት ቁጥር አጠገቡ ቆሜ ጎማውን እይዛለሁ፤ መነሣቱን የማውቀው ጎማው እጄ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ነው።