ሾጣጣው ወይስ ጥንዱ? ለስላይዲንግ መጋዝ ትንሹን ዲስክ ለምትገዙ

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከቢቸና የሚደውሉልኝ የሙያ ባልደረቦቼ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል። በስላይዲንግ መጋዝ (ተንሸራታች ጠረጴዛ ባለው መጋዝ) ላሚኔት ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ተሠርቶ ገጹ በስስ ሽፋን የተለበጠ ሠሌዳ፣ ሲቆርጡ የታችኛው ጠርዝ እየተፈረካከሰ ስለሚያስቸግራቸው፣ ከዋናው ዲስክ ፊት ተቀምጦ የሠሌዳውን ታች ቀድሞ ለሚጭረው ትንሽ ዲስክ የትኛውን ዓይነት እንግዛ፣ ጥርሱ ሾጣጣ የሆነውን ነጠላ ነው ወይስ ሁለት ስስ ዲስኮች የተደረቡበትን ጥንድ ይሉኛል። እኔ ጥንዱን ግዙ እላለሁ፤ ይህን የምለውም ሾጣጣውን ገዝቼ ከከሰርሁ በኋላ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላለው ሥራ ቤቴ ሾጣጣውን የገዛሁት በ1,900 ብር ሲሆን፣ ጥንዱ እዚያው ሱቅ 5,200 ብር ይባል ነበር። የ3,300 ብሩ ልዩነት አጓጓኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን እያንዳንዳቸውን በ6,400 ብር የገዛኋቸው ሁለት ሠሌዳዎች ለቁም ሣጥን በር የማይሆኑ ሆነው ተበላሹ፤ አተረፍሁ ያልሁት 3,300 ብር 12,800 ብር አስወጣኝ ማለት ነው። የባከነውን የሥራ ቀንና ደንበኛው የተቆጣኝን ቁጣ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁም።

ምክንያቱ የጥርሱ ቅርፅ ነው። የሾጣጣው ጥርስ ጫፉ ጠባብ፣ ሥሩ ሰፊ ስለሆነ፣ የሚጭረው መስመር ስፋት የሚወሰነው ጥርሱ ወደ ሠሌዳው በገባበት ጥልቀት ነው። ሠሌዳው ፍጹም ዝርግ ከሆነ ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ዲስኩን ሳይፈቱ ከፍታውን በማስተካከል ብቻ ስፋቱን ማግኘት ይቻላል። በእኛ አገር ክረምት ግን ሲሚንቶ ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፎ የከረመ ሠሌዳ ይጎብጣል። የእኔ ሠሌዳ ሁለቱ ጫፎቹ ጥርት ብለው ተቆርጠው፣ ከጠረጴዛው ከፍ ያለው መካከሉ ግን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አይጥ እንደበላው ሆኖ ወጣ፤ እዚያ ላይ ጭረቱ ጠቦ ዋናው ዲስክ ከጭረቱ ውጭ ያለውን ላሚኔት እየነቀለው ሄዷል። መካከሉን ለማዳን ትንሹን ዲስክ ከፍ ሳደርገው ደግሞ ጫፎቹ ላይ በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ ደረጃ ፈጠረ። ፈትቼ በካሊበር (በስፋት መለኪያ) ስለካው የጥርሶቹ ስፋት እርስ በርሱ እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ይለያይ ነበር፤ የተገዛው ዕቃ አስመስሎ የተሠራ ነበርና።

ጥንዱ ሁለት ስስ ዲስኮች ተደርበው የሚታሰሩበት ነው። በመካከላቸው በሚገቡ ስስ ሮንዴላዎች ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ2.8 እስከ 3.6 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል። ጥርሱ ጥቂትም ገባ ብዙ የጭረቱ ስፋት ስለማይለወጥ፣ ጥርሱ ላሚኔቱን እስከነካ ድረስ የጎበጠ ሠሌዳም አያስቸግረውም። አድካሚነቱ ዋናው ዲስክ ተስሎ በመጣ ቁጥር መፈታቱ ነው። ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ተስሎ የሚመለስልኝ የ3.2 ሚሊ ሜትር ዲስክ በየጊዜው ትንሽ ይጠባል፤ እኔም አንዲት የ0.1 ሮንዴላ አውጥቼ መልሼ አስራለሁ፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። በሁለቱ ዲስኮች መካከል የሙጫ ትቢያ እንዳይቀር ግን በጨርቅ ደኅና አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ጥቂት ቆሻሻ እንኳ ያንሻፍፋቸዋል። ለመሳል ስትልኩም ሁለቱን አንድ ላይ ላኩ፤ አንዱ ብቻ ከተሳለ ቁመታቸው ይበላለጣል።

የጥንዱም አስመሳይ አለ። ሱቅ ስትሄዱ ካሊበር ያዙ። 0.1 የተባሉትን አምስት ሮንዴላዎች ደርባችሁ ለኩ፤ 0.5 ካልመጣ አትግዙ። የመሐል ቀዳዳው 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል አሮጌውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ትንሽ ቢሰፋም ቡሎኑ ይይዘዋል» ካላችሁ እሺ አትበሉ፤ 22ቱ በ20 ዘንግ ላይ መሐሉን ስቶ ይቀመጥና ጥርሶቹ እኩል አይነኩም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጥፋቱ የትንሹ ዲስክ መሆኑን አረጋግጡ። የሚፈረካከሰው የላይኛው ገጽ ከሆነ፣ የዋናው ዲስክ የኋላ ጥርሶች ወደ ላይ ሲወጡ እንጨቱን እየነኩት ሊሆን ስለሚችል፣ ተንሸራታቹ ጠረጴዛ ከዲስኩ ጋር ትይዩ መሆኑን ማየት ይገባል። መብራቱን ከምንጩ አጥፉ፣ አንድ ጥርስ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ዳያል መለኪያ (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ጠረጴዛው ላይ እሰሩና ያንኑ ጥርስ ፊት ለፊት ከለካችሁ በኋላ ዲስኩን በእጅ አዙራችሁ ከኋላ ለኩት። ልዩነት ባይኖር ወይም ጠረጴዛው በኋላ በኩል ከዲስኩ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢርቅ መልካም ነው፤ ወደ ዲስኩ ቢቀርብ ግን የትኛውንም ትንሽ ዲስክ ብትገዙ አያድናችሁም። ጥፋቱ ከታች ሆኖ በመስመሩ አንድ ወገን ብቻ ከታየ ደግሞ ትንሹ ዲስክ ወደ ጎን ሸሽቷል ማለት ነውና፣ በራሱ ማስተካከያ ወደ መስመሩ መመለስ እንጂ አዲስ መግዛት አያስፈልግም።

ሾጣጣውን የምመክረው ሠሌዳው በማሽኑ ራሱ ወደ ታች ተጭኖ ዝርግ ሆኖ ለሚቆረጥበት ፋብሪካ ብቻ ነው።

ጥንዱን የገዛችሁ መጀመሪያ ቁራጭ ሠሌዳ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡበትና መጋዙን አቁማችሁ ሠሌዳውን ገልብጣችሁ እዩት፤ የጭረቱ ጥልቀት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱም ከዋናው ዲስክ መስመር በጠቅላላው ከ0.1 እስከ 0.2 የሚበልጥ፣ ትርፉም በግራና በቀኝ እኩል የተከፈለ መሆን አለበት።