ለጠባሴው መካኒክ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይሄን ከመጻፌ በፊት ሁለት ሳምንት ጠብቄያለሁ። እሳቸው የሠሯት ሞተር ሳይክሌ እንደገና ትቆምና አፍራለሁ ብዬ ነው። አልቆመችም። ዛሬ ጠዋትም በዚያ ብርድ፣ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ፣ በሁለተኛው እርግጫ ተነሳች። ስለዚህ ልጻፍ።

ሥራዬ ወተት ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ከገበሬ እየሰበሰብኩ ለካፌዎች አደርሳለሁ። እስከ አምና በባጃጅ ኮንትራት ነበር የማመላልሰው። ትርፉን ባጃጁ ይበላው ነበር፣ እኔ የሚተርፈኝ ድካሙ ነው። ሞተር ልግዛ ስል የሰማ ሁሉ "ቦክሰር ግዢ" አለኝ። መለዋወጫዋ የትም አለ፣ መካኒኩም ሁሉ ያውቃታል። ልክ ናቸው። ብሩ ግን የለኝም። ያገለገለ እንዳልገዛ ደግሞ ፈራሁ፤ ጎረቤቴ ሊብሬው ላይ ያለውና ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር አልገጥም ብሎት ያየውን አይቻለሁ። በመጨረሻ ከካርቶን የወጣች፣ ርካሽ፣ 125 ሲሲ የቻይና ሞተር አዲስ አበባ ሄጄ ገዛሁ።

ጊዜውን አስቤበት ነበር። የገና ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ወተት የሚጠይቅ የለም። በጾሙ እለማመዳለሁ፣ ሲፈሰክ ሥራ እጀምራለሁ አልኩ።

አባባ ሲያዩዋት ምን እንዳሉ ልንገራችሁ። ሁለቴ ዞሯት። ጎማዋን በከዘራ ነካ ነካ አደረጉ። "በቅሎ ብትገዢ እኮ ሣር ነበር የምትበላው" ብለው ገቡ። በየሳምንቱ ቤንዚን ፍለጋ ስዞር፣ ሲጠፋም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተሞላውን ስገዛ፣ ቃላቸው ትዝ ይለኛል።

ሻጩ ጋ አንድ ልጅ ነው የገጣጠማት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም፣ ከዚያም ውስጥ ግማሹን ስልክ ያወራ ነበር። በአይሱዙ ጭኜ አመጣኋት። ሸኖ ሳንደርስ አንዱ መስታወት ወደቀ። ታርጋዋ ከተለጠፈ በሳምንቱ እሱም ወደቀ። ደውዬ ስናገር "እኅቴ፣ አነዳድሽ ነው" ተባልኩ። የቆመ ሞተር ላይ የተንጠለጠለ መስታወት በእኔ አነዳድ እንዴት ይወድቃል?

ዋናው ጉድ የመጣው ከገና በኋላ ነው። ሁለት ጀሪካን ወተት ስጭንባት ዳገት አልወጣ አለች። ታንቋርራለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ትሞታለች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ "ፒስተን ነው፣ ይከፈታል" አለኝ። የጠራው ዋጋ የሞተሯን ሩብ ያህላል። ገና አንድ ወር ተኩል የነዳኋት ሞተር! ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ "ነገ ነይ" እየተባልኩ 11 ቀን ቆየች። ስወስዳት ያው ዳገት፣ ያው ጭስ። ባትሪዋ ግን አዲስ የነበረው አሮጌ ሆኗል። ስጠይቅ ተሳቀብኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሴት ሆነሽ ጋራዥ ስትገቢ አንዳንዱ የሚያይሽ እንደ ኪስ ነው።

እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ያሉትን ሰውዬ የነገረችኝ አንዲት ቆሎ ሻጭ ናት። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ "ሰው ይበዛብኛል" ይላሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሞተሯን አልነኩም መጀመሪያ። ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ሜዳ ላይ ነው ዳገት ላይ የምትደክመው? ምን ያህል ትጭኚባታለሽ?" ከዚያ አስነሷት። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደገኑ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልክ ሐኪም ሕፃን ሲያዳምጥ። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ።

"አልታመመችም" አሉ። "ጠግባ ነው።"

የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ሞተሯ ስትሠራ የተለካላት ቤንዚን ለቆላ ይሆናል፣ ለእኛ ይበዛል። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ አቃጥላ አትጨርሰውም፣ ጭሱ የእሱ ነው። ካንዴላዋን፣ እሳት የምትጭረውን፣ ነቅለው አሳዩኝ፣ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ከውስጥ አንዲት የገብስ ፍሬ የምታህል የነሐስ ነገር አውጥተው በሌላ ቀየሩ። ስሟን ነግረውኝ ነበር፣ ረሳሁት። በቃ። ያቺን ዳገት ሁለት ጀሪካን ውኃ ጭኜ ወጣኋት። ውኃ ያስጫኑኝ እሳቸው ናቸው፤ "ወተትሽን ለሙከራ አታፍስሺ" ብለው።

ግን የምጽፈው ለዚህ ብቻ አይደለም። ስመለስ የፊት ጎማውን ያዝ አድርገው ወዘወዙት፣ ከዚያ ብሎኑን በጣታቸው አዞሩት። በጣት! ያለ ቁልፍ ዞረ። ሁለታችንም ዝም አልን። በዚያች ጎማ ነው ወር ተኩል አስፋልት ላይ ከከባድ መኪና ጋር ስተላለፍ የከረምኩት። ጋሼ ቁልፉን አነሱና እጄ ላይ አስቀመጡት። "አንቺ ነሽ የምታጠብቂው። ጎረቤላ መንገድ ላይ ስትላላብሽ እኔ የለሁም።" ከፊት ጀምረን እስከ ኋላ፣ አንድ በአንድ፣ በገዛ እጄ አጠበቅሁ። ሌላ ደንበኛ ቆሞ ሲያጉረመርም "እሷ ትጨርስ" አሉት። ዘይቷንም አስቀየሩኝ፤ ከአዲስ ሞተር የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ መፍሰስ አለበት አሉ። የወጣው ዘይት በፀሐይ ሲታይ ብረት ብረት ያብለጨልጭ ነበር። ይሄን ሻጩ ለምን አልነገረኝም?

ጣርማበርን ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ደግሞ ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ሞተር እንዳላጠፋ አስማሉኝ። "በማርሽ ያዢያት፣ ፍሬን ብቻውን አይችልሽም።" ጉም ሲሆን ደግሞ የጣርማበር የመኪና ዋሻ ሳይደረስ መብራት እንዳበራ።

ሂሳብ ስላቸው የዘይቱንና የዚያችን ፍሬ ዋጋ ተቀበሉ። የእጅ አልተቀበሉም። "500 ኪሎ ሜትር ስትሞሊ ነይ፣ አብረን እናያታለን።"

ምን ላድርግ? በነጋታው የቤቴን ምርጥ እርጎ በጣሳ ይዤ ሄድኩ። ክዳኑን ከፍተው አዩት፣ እኔን አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ልታስገድፊኝ ነው?" ረቡዕ ነበር። ወተት ነጋዴ ረቡዕን ትረሳለች? ደስታ ያስረሳል። ጋራዡ ሁሉ ሳቀ። እርጎውን ግን አልመለሱትም፣ ለሐሙስ አስቀመጡት።

ርካሽ ሞተር የገዛችሁ፣ ልትገዙም ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ከካርቶን እንደወጣች አትንዷት። መጀመሪያ ጋሼ ጋ ውሰዷት። ሴቶች በተለይ ሂዱ፣ ቁልፉን እጃችሁ ላይ ያስቀምጡላችኋል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በሩ ድረስ እመራችኋለሁ። እሑድ አትሂዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉ ደግሞ አደራ፣ አታውሯቸው።