ተከራይቶ በአዳር ማከራየት፦ ሐዋሳ ላይ ቋሚ ኪራይ ወይስ ክፍፍል?

ሐዋሳ ውስጥ ቤት ተከራይተው፣ ዕቃ አሟልተው በአዳር ለማከራየት ያሰቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚከራከሩት ስለ ሰፈር ነው፤ ፍቅር ሐይቅ ይሻላል ወይስ ፒያሳ? ከሰፈሩ በፊት ግን የውሉ ዓይነት ይለይ። ያው ቤት በአንዱ ውል አክስሮ በሌላው ሊያተርፍ ይችላል።

በቋሚ ኪራይ እንግዳ መጣም ቀረም ለባለቤቱ የወሩን ትከፍላላችሁ፤ የተረፈው የእናንተ ነው። በክፍፍል ባለቤቱ ከአዳር ገቢው በመቶኛ ይወስዳል፤ ቤቱ ባዶ ሲያድር እሱም ባዶ እጁን ነው።

ለስሌት ያህል ባለ ሁለት መኝታ ቤት እንውሰድ። ኪራዩ በወር 36,000 ብር፣ አዳሩ 4,000 ብር ይሁን። ለጽዳት፣ ለእጥበት፣ ለሳሙናና ለደላላ በየአዳሩ 800 ብር፣ ለጥበቃ፣ ለመብራት፣ ለውሃና ለኢንተርኔት በወር 15,000 ብር ይውጣ። በክፍፍሉ የባለቤቱ ድርሻ ከጠቅላላ ገቢው 45 በመቶ ነው እንበል።

| በወር የተያዘ አዳር | ቋሚ ኪራይ | ክፍፍል |
|---|---|---|
| 12 | 12,600 ብር ኪሳራ | 1,800 ብር ትርፍ |
| 20 | 13,000 ብር ትርፍ | 13,000 ብር ትርፍ |
| 25 | 29,000 ብር ትርፍ | 20,000 ብር ትርፍ |

ስለዚህ ጥያቄው በወር 20 አዳር መሙላት ይቻላል ወይ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ገበያው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ሁሉም ቢያዙ እንኳ በወር ከስምንት እስከ አሥር አዳር ቢሆኑ ነው። ለሐምሌና ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ ለፍቼ ጨምበላላም አልጋ ይጠፋል፤ ግን ሁለት ሦስት ቀን የወሩን ኪራይ አይሸከምም። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሠርግ ስለሌለ ሙሽሮችም የሉም። እንዲህ ላለ ቤት ክፍፍሉን እንመርጣለን። ለኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ለዩኒቨርሲቲው ወይም ለሪፈራል ሆስፒታሉ ቅርብ የሆነው ግን ሌላ ነው፦ ለሥልጠና፣ ለሥራ ወይም ለሕክምና የመጣ እንግዳ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። አዳሩን ቀንሳችሁ ብትሰጡትም አንሶላ በየቀኑ አይታጠብም፣ ደላላም አንዴ ብቻ ይከፈለዋል። ቋሚ ኪራይ የሚያዋጣው እዚህ ነው፤ ያም ቢሆን የጥቂት ወራት የእንግዳ መዝገብ በእጅ ሲኖር።

ባለቤቶች ክፍፍልን የሚሸሹት ቆጠራችሁን ስለማያምኑ ነው፣ አይፈረድባቸውም። ክፍያው ሁሉ በአንድ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ የእንግዳ መዝገቡን ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ይይ። ድርሻው ከጠቅላላ ገቢ ነው ወይስ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ? ይህ ካልተጻፈ ጠቡ የሚነሳው ገና በመጀመሪያው የወር ሒሳብ ነው።

በቋሚ ኪራይ የምትገቡ ከሆነ ሦስተኛ ወገን ማሳደር እንደሚቻል ውሉ በግልጽ ይናገር። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ተከራይ መልሶ ሲያከራይ ግብር የሚከፍለው በሚቀበለውና በሚከፍለው ኪራይ ልዩነት ላይ ነው፤ እሱ ካልከፈለ ግን የፈቀደው ባለቤት ይጠየቃል። ባለቤቱ ቢያመነታ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ለማሳየት በውሉ ግቡለት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት ኪራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል፣ ቢበዛ የሁለት ወር ቅድመ ክፍያ ይላል። የእናንተ ሥራ ግን የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ የትኛው ደንብና የትኛው ንግድ ፈቃድ እንደሚመለከተው ከመፈረማችሁ በፊት ክፍለ ከተማውን ጠይቁ። ካርታውን እዩ፤ ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ።

የቤቱ ጉድለት በቋሚ ኪራይ ይበልጥ ይጎዳል፣ ውሃ ጠፍቶ እንግዳ ቢሄድም ኪራዩ አይቆምምና። አራት ሰው በቀን መቶ መቶ ሊትር ቢጠቀም 2,000 ሊትር ሮቶ አምስት ቀን ይይዛል፤ ከዚያ ያነሰ አትቀበሉ። ቦይለር ውሃ ሳይኖረው ከበራ ማሞቂያው ይቃጠላል፣ ስለዚህ ማብሪያውን እንግዳ ሊያየው የሚችልበት ቦታ አድርጉና ማሳሰቢያ ለጥፉ። ካርድ ቆጣሪው ለብቻ ይሁን፤ ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ ካርዱ ሌሊት አልቆ እንግዳችሁ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ሐይቁ አጠገብ ለየመስኮቱ ወንፊት፣ ለየአልጋው አጎበር ግድ ነው።

በሁለቱም ውል ርክክቡን በፎቶ አድርጉ፦ ቦይለሩ፣ ፓምፑ፣ መጋረጃውና ወንፊቱ የማን እንደሆኑ፣ ሲበላሹ ማን እንደሚያሠራ፣ ውሉ ሲያልቅ ማን እንደሚወስዳቸው ከእያንዳንዱ ጎን ተጽፎ ሁለታችሁም ፈርሙበት።