ማይክሮቲክ ሄክስ ራውተር፦ ለትንሽ ቢሮ ኔትወርክ ያዋጣል?

አስር አስራ አምስት ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍበት መጀመሪያ የሚያደርገው ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት ነው። ብዙም ሳይቆይ ያው ቅሬታ ይመለሳል። የጎደለው ብዙውን ጊዜ ፍጥነት ሳይሆን ያለውን ፍጥነት የሚያከፋፍል ዕቃ ስለሆነ ነው። አንዱ ሠራተኛ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ውጭ መላክ ሲጀምር መስመሩ ይሞላል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ የምትከፍተው ትንሽ ገጽም ከዚያ ሁሉ ወረፋ ጀርባ ይቆማል።

የላትቪያው ማይክሮቲክ የሚሠራው ሄክስ፣ በሞዴል ስሙ አርቢ750ጂአር3፣ ለዚህ ሥራ በሚገባ የተመቸ ትንሽ ሳጥን ነው። አምስት የጊጋቢት መሰኪያ፣ ባለ 880 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ራም አለው። ዋይፋይ የለውም፤ ይህን ሳያውቁ የሚገዙት ብዙ ናቸው። ያላችሁን የድሮ ዋይፋይ ራውተር ከጀርባው አድርጋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ነገር ግን የድሮውን ዲኤችሲፒ (ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) አጥፉ፣ አድራሻውን ከሄክሱ ጋር ወደማይጋጭ፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.88.2 ለውጡ፣ ኬብሉንም በዋን (የኢንተርኔት መግቢያ) ሳይሆን በላን (የውስጥ ኔትወርክ) መሰኪያው ላይ ሰኩ። ዲኤችሲፒው ካልጠፋ ግማሹ ኮምፒውተር ከአንዱ፣ ግማሹ ከሌላው አድራሻ ይወስድና ፕሪንተሩ ለአንዳንዱ ብቻ ይታያል።

ከፋይበር ሳጥኑ የሚመጣው ኬብል መሰኪያ 1 ላይ ይገባል። የፋይበር ሳጥኑ ራሱ መስመሩን የሚያገናኝ ከሆነ ሌላ ማስተካከያ አያስፈልግም። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃሉን ሄክሱ ላይ በእጃችሁ የምታስገቡ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ የተፈጠረውን አዲሱን የፒፒፒኦኢ ግንኙነት ኢንተርፌስ ሊስት ውስጥ ገብታችሁ ዋን በሚለው ዝርዝር ላይ ጨምሩት። ይህ ከተረሳ ግንኙነቱ እንደተሳካ እያሳየ ኮምፒውተሮቹ ግን ኢንተርኔት አያገኙም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። የመስመሩን ፍጥነት በሥራ ሰዓት፣ ሦስት አራት ጊዜ ለኩ፤ ማታ የሚለካው ያታልላል። ከተገኘው ዝቅተኛ ቁጥር 90 በመቶውን ውሰዱ። 20 ሜጋቢት ከሆነ 18 ማለት ነው። አስር በመቶው የሚተወው ወረፋው በፋይበር ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን እናንተ በምታዙት ራውተር ላይ እንዲፈጠር ነው። በዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማስተካከያ ፕሮግራም) ኪውስ፣ ማለትም ወረፋዎች፣ የሚለውን ክፈቱ፣ ኪው ታይፕስ ውስጥ ኤፍኪው ኮደል የተባለውን፣ መስመሩን ለሁሉም በተራ የሚያካፍለውን ዓይነት ፍጠሩ፤ ከዚያ ሲምፕል ኪው ጨምራችሁ ታርጌቱን 192.168.88.0/24 (የቢሮው ኔትወርክ በሙሉ)፣ የመላኪያና የማውረጃ ጣሪያውን 18ኤም አድርጉ፣ ለሁለቱም አቅጣጫ አዲሱን ዓይነት ምረጡ። የመላኪያው ፍጥነት ከማውረጃው ካነሰ ለየብቻ አስሉት።

ብዙ ቴክኒሻን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ኪው ተዘጋጅቶ ሳለ ምንም ለውጥ አይታይም። ፋብሪካው የጫነው ፋስትትራክ የሚባል የፋየርዎል መመሪያ ፓኬቶችን በአቋራጭ ስለሚያሳልፍ ኪው የሚነካቸው ነገር የለም። አይፒ፣ ፋየርዎል፣ ፊልተር ሩልስ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት፤ ተከፍተው የነበሩ ግንኙነቶች በአቋራጩ ስለሚቀጥሉ ሳጥኑን ማጥፋትና ማብራት ያስፈልጋል። ፋስትትራክ ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ ይከብደዋል፤ ጊጋቢት የሚጠጋ መስመር ላለው ድርጅት ይህ ሳጥን አይበቃም። ለ20 ወይም ለ50 ሜጋቢት ግን አያሳስብም። ለማረጋገጥ ትልቅ ፋይል እየላካችሁ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጉ (ፒንግ የምላሽ ጊዜን የሚለካ ትዕዛዝ ነው)። የምላሽ ጊዜው ፋይሉ ከመላኩ በፊት ከነበረው ብዙም ካልራቀ ኪው እየሠራ ነው።

በሄክስ የማይፈታም አለ። ኢንተርፌሶቹን ከፍታችሁ ፍጥነቱ 1 ጊጋቢት መሆን ሲገባው 100 ሜጋቢት ካለ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የጫፉ ነው፤ ለጊጋቢት አራቱም ጥንድ ሽቦዎች መገናኘት አለባቸው። ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን መዳብ የተቀባ ርካሽ ኬብል ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው፣ ለግድግዳ ውስጥ ሥራ ባትገዙት ይሻላል።

በጣም የምንወደው የኃይል አቀባበሉን ነው። ከ8 እስከ 30 ቮልት ስለሚቀበል በ12 ቮልት አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይሠራል፤ ተጨማሪ ዕቃ ካልተሰካበት የሚወስደው 5 ዋት ገደማ ነው። የፋይበር ሳጥኑም አብሮ ካልበራ ግን ጥቅም ስለሌለው ሁለት መውጫ ያለውን ዩፒኤስ ፈልጉ። የ48 ቮልት ኢንጀክተር (በኔትወርክ ኬብል ኃይል የሚልክ ዕቃ) ፈጽሞ እንዳትሰኩበት፣ ሊያቃጥለው ይችላል።

ድክመቱ የመረጃ ማከማቻው ጠባብነት ነው፤ 16 ሜጋባይት ብቻ። አላስፈላጊ ፓኬጅ ከተጫነ ሶፍትዌሩን ለማደስ ቦታ ያንሳል፣ ማደስ ደግሞ ግድ ነው። በ2018 በዊንቦክስ ላይ በተገኘ ክፍተት ያልታደሱ ብዙ ማይክሮቲክ ራውተሮች ተጠልፈው ለምናባዊ ገንዘብ ማምረቻ ውለዋል። የይለፍ ቃሉን በመጀመሪያው ቀን ለውጡ፣ አይፒ ሰርቪስስ ውስጥ ከርቀት መግቢያ የሆኑትን ቴልኔትንና ኤፍቲፒን ዝጉ። ተከታዩ የሄክስ ሞዴል ኢ50ዩጂ 512 ሜጋባይት ራምና 128 ሜጋባይት ማከማቻ ስላለው፣ ከተገኘና የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ እሱን ውሰዱ።

ዝግጅቱ ሁሉ ሲያልቅ ባክአፕ አድርጋችሁ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ጎትቱት። ሳጥኑ ላይ ብቻ የቀረ ባክአፕ ሳጥኑ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።