የገልባጬ ካሶኒ ማንሻ፦ ኤል12-አር አክቹዌተር ከ8 ወር በኋላ

በሪሞት የምነዳው ገልባጭ መኪና አለኝ። መጠኑ የእውነተኛው 1/14 ነው። ካሶኒውን ድሮ የሚያነሳው ተራ ሰርቮ ነበር፤ ማለትም በሪሞት ትዕዛዝ ክንዱን የሚያዞር ትንሽ ሞተር። ባዶውን ያነሳዋል። አሸዋ ሲጫንበት ግን ይንቀጠቀጥና መሃል ላይ ይቀራል።

ከ8 ወር በፊት አወጣሁትና የካናዳውን አክቹኦኒክስ ኩባንያ ኤል12-አር አስገባሁ። ዘንጉ የሚወጣና የሚገባ ትንሽ ሊኒየር አክቹዌተር ነው፤ ልክ እንደ ትልቁ ገልባጭ ፒስቶን። የእኔው 50 ሚሊ ሜትር ይዘረጋል፣ በ6 ቮልት ይሰራል፣ ማርሹ 210 ለ1 ነው (ሞተሩ 210 ጊዜ ሲዞር የማርሹ መውጫ አንዴ ይዞራል)። ከሦስቱ የማርሽ ምርጫዎች ቀርፋፋው ይሄ ነው፤ ጉልበቱ ግን ትልቁ ነው፣ እስከ 80 ኒውተን።

ሦስት ገመድ አለው። ነጩ ሲግናል፣ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ሶኬቱ እንደማንኛውም ሰርቮ ሪሲቨሩ ላይ፣ ማለትም የሪሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበለው የመኪናው ዕቃ ላይ ይገባል። እኔም ሰካሁትና ሰራ። ሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ነዳሁት።

ከዚያ አንድ ቀን ካሶኒው ጭነት ይዞ ሲነሳ መሪውን አዞርኩ። መኪናው በአንዴ ደነዘዘ። ከትንሽ ሰከንድ በኋላ ራሱ ነቃ። ደጋገምኩት፣ ያው ነው። በቴስተር ስለካ የሪሲቨሩ ቮልት ጭነት ሲመጣ ቁልቁል ይወርዳል። አክቹዌተሩ ሲጨነቅ ወደ ግማሽ አምፔር ይስባል። የመሪው ሰርቮ ከዚያ በላይ ይጠጣል። መብራቶቹም አሉ። ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ ትንሽ ምንጭ ነው፣ ከሞተሩ መቆጣጠሪያ። በዚያ ላይ እኔ የተጠቀምኩት ማስረዘሚያ ገመድ ቀጭን ነበር።

ስለዚህ ለአክቹዌተሩ የራሱን ባትሪ ሰጠሁት፤ ባለ 5 ሴል የኒኬል ባትሪ፣ 6 ቮልት። የመኪናውን ባለ 2 ሴል ሊፖ (የሊቲየም ባትሪ) በቀጥታ እንዳታስገቡበት። ሊፖው ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፤ ይሄ ዕቃ የሚችለው እስከ 7.5 ድረስ ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን የቀዩን ገመድ ጫፍ ከሶኬቱ አውጥቼ በናስትሮ ጠቀለልኩ፤ ሁለት የኃይል ምንጮች እዚያ ላይ እንዳይገናኙ ነው። ከአክቹዌተሩ የሚመጡት ቀዩና ጥቁሩ ወደ አዲሱ ባትሪ ሄዱ። ነጩ ብቻ ሪሲቨሩ ላይ ቀረ። ማብሪያውን ስነካው ዘንጉ ያለ ትዕዛዝ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይንቀጠቀጣል። ተበላሸ ብዬ በጣም ደነገጥኩ። አልተበላሸም ነበር። ሲግናሉ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሰከንድ የምትቆይ አጭር የቮልት ምት ናት። ቮልት ደግሞ የሚለካው ከአንድ መነሻ ነው፤ ያ መነሻ ኔጌቲቩ ነው። የሪሲቨሩና የአዲሱ ባትሪ ኔጌቲቭ ካልተገናኙ አክቹዌተሩ ምቷን ከምን አንጻር ይለካት? አንዲት ጥቁር ገመድ በመካከላቸው በየድኩ። ወዲያው ጸጥ አለ። እባካችሁ ይቺን ገመድ አትርሱ።

የቀረው መንቀጥቀጥ የመጣው ከመንጃ ሞተሩ ነበር። የሲግናሉን ገመድ ከሞተሩ ገመዶች አርቄ በሻንሲው ሌላ ጎን ሳሳልፈው ጠፋ።

ስለ አቀማመጡም ልናገር፣ ምክንያቱም ጉልበቱ እዚህ ላይ ይባክናል። መጀመሪያ አክቹዌተሩን ጋደም አድርጌ፣ ከካሶኒው ወለል ጋር 15 ዲግሪ ያህል ሰጥቼ ነበር ያሰርኩት። ካሶኒውና አሸዋው አንድ ላይ 1.5 ኪሎ ይመዝናሉ። ክብደቱ ከማጠፊያው በ13 ሴንቲ ሜትር፣ ዘንጉ የሚገፋው ደግሞ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ስታሰሉት ለመነሳት ብቻ ወደ 75 ኒውተን ይጠይቃል። ያ ማለት አቅሙን በሙሉ ማለት ይቻላል። የታችኛውን ማሰሪያ ዝቅ አድርጌ ወደ 30 ዲግሪ ሳወጣው ፍላጎቱ ወደ 40 ኒውተን ወረደ። ሞተሩ ድምፁ እንኳ ተለወጠ።

ፍጥነቱን እወደዋለሁ። ያለ ጭነት በሰከንድ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጭነት 12 ሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። እውነተኛው ገልባጭም ቢሆን ተስፈንጥሮ አይነሳም። ግን አያያዝ ይፈልጋል። አምራቹ የሚፈቅደው 20 በመቶ የሥራ ጊዜ ነው፤ ማንሳትና ማውረዱ 20 ሰከንድ ከፈጀ 80 ሰከንድ ይረፍ ማለት ነው። ልጄ ይህንን አልወደደውም፤ አሁን ግን በእረፍቱ ጊዜ አሸዋ ይጭናል። በሪሞቱም ላይ ዘንጉ የሚደርስባቸውን የመጨረሻ ነጥቦች ቀንሱ። ካሶኒው ከቆመ በኋላ ዘንጉ መግፋቱን ከቀጠለ ሞተሩ ያለ ጥቅም ይግላል።

ከ8 ወር በኋላ ማርሹ ደህና ነው። የተበላው እኔ ከአሉሚኒየም የሠራሁት ማሰሪያ ነው፤ የቡሎኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ነበር፣ በናስ ቦኮላ ሞላሁት። ዘንጉን ከእያንዳንዱ የአሸዋ ጨዋታ በኋላ በደረቅ ብሩሽ አጸዳለሁ። ዘይት አልቀባውም፣ አቧራ ይይዛል።

ከተራ ሰርቮ ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። ቢሆንም ሁለተኛውን ገዝቻለሁ፤ ለኋላው ስፖንዳ፣ 10 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋውን፣ ፈጣኑን 50 ለ1። ከዚያው ባለ 5 ሴል ባትሪ ነው የሚጠጣው። የኔጌቲቯ ገመድ ቀድማ ተበይዳለች።