የክራንቼን ጫፍ ገልብጣ ላየችው ባለሙያ

ስሜን እንዳትጽፍ ብላኛለች፤ ስለዚህ ሥራዋን ብቻ ልንገራችሁ። የሥራ ቦታ ደህንነት ባለሙያ ናት። እኔ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው፤ ቢሮዬ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ከእሷ በፊት አንድ ገምጋሚ መጥቶ ነበር። ቼክሊስቱን ይዞ ከአለቃዬ ጋር ዞር ዞር አለና ሄደ፤ እኔን አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ሪፖርቱ ላይ ግን ቤቴ ሆኜ ብሠራ እንደሚሻል ጽፏል። ስጋቱ እኔው ነኝ ማለት ነው!

እሷ ግን "ጠዋት ሲገቡ አብሬዎት ልግባ?" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ስትከተለኝ ዋለች። መግቢያው ላይ ሁለት ጊዜ እንዳንሸራተተኝ ነገርኳት፤ ሁላችንም ጥፋቱን በእርጥቡ ወለል ላይ ነበር የጣልነው። ክራንቹን ተቀብላኝ ገለበጠችው። የጫፉን ጎማ በአውራ ጣቷ ዳሰስ አድርጋ "ይሄ እኮ አልቋል" አለች። እውነትም ሙልጭ ብሏል። ጫማዬ ሲያልቅ አያለሁ፣ ይሄንን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ወለሉንም አልማረችውም፤ ጽዳቱ ከሠራተኛ መግቢያ ሰዓት ውጪ እንዲሆን፣ ጠርዙ የተነሳው ምንጣፍም እንዲነሳ አስደረገች።

ኮሪደሩን በሜትር ለካች። ሁለት ክራንች ይዞ የሚሄድ ሰው 90 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል፤ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ካርቶኖች ያን አላስቀሩልኝም ነበር። ራሱ የሚዘጋው ከባድ በርም እንዲላላ ተደርጓል።

ዋናው ጉዳይ ግን እሳት ነበር። "ደወሉ ሲጮህ እርስዎ በምን ይወርዳሉ?" ብላ ጠየቀች። አለቃዬ ዝም፣ እኔም ዝም። እሳት ሲነሳ በተራ ሊፍት አይወረድም። በልምምድ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ "አንተ አትድከም፣ ተቀመጥ" ነበር የምባለው፤ ለደግነት ብለው እኮ ነው። አሁን በስሜ የተጻፈ የመውጫ ዕቅድ አለ። ሰው ተቀምጦበት በደረጃ የሚወርድ ወንበር ተገዝቷል፤ ሁለት ባልደረቦቼ ሠልጥነዋል፣ ቢቀሩ የሚተኳቸውም ተመድበዋል። ከሰዓት በኋላ ትከሻዬ ሲዝል አወራረዴ እንደሚቀየር ስለነገርኳት፣ ልምምዱን ሆን ብላ በዚያ ሰዓት አደረገችው። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

አለቃዬ ወጪውን ሲያነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 27 ጠቀሰችለት፤ ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም የሥራ ቦታን ለአካል ጉዳተኛው እንዲመች ማስተካከል፣ እንደ ውለታ የሚታይ አይደለም። ደግሞም አብዛኛው ለውጥ ገንዘብ የጠየቀ አልነበረም። ካርቶን ማንሳት ስንት ያስወጣል?

እናመሰግናለን እህቴ። ቢሮ ከቀየርን ወይም የእኔ ሁኔታ ከተለወጠ ተመልሳ ትገመግማለች። እሷን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሌላ ሰው የምትቀጥሩ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሠራተኛውን ራሱን ያነጋግር እንደሆነ ጠይቁት።